አርባ ዓመት ያለፈው እግድ፦ ድሬዳዋ ውስጥ አንድ የድሮ የፍርድ ቤት መዝገብ እንዴት እንደተፈለገ

ይሄን ጉዳይ መጻፍ የፈለግኩት ድሬ ውስጥ የድሮ ቤት ያለው ቤተሰብ አንድ ቀን ሊገጥመው ስለሚችል ነው። እኔ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ ጉዳይ ተከታታይ ነኝ፣ ማለት ጠበቃው ችሎት ይቆማል እኔ ደግሞ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ እቆማለሁ። ባለጉዳዮቹ ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብለው እንዲጻፍ ፈቅደዋል፣ ስማቸውን፣ ሰፈራቸውንና የመዝገብ ቁጥሩን ግን አላወጣም። የሄድንባቸውን ቢሮዎችም ይሄ ያኛው እያልኩ አልጠራም፣ ሕጉና አሠራሩ ላይ ብቻ ነው የማተኩረው።

ዳራ

ባለጉዳይዋ ስልሳ ያለፋቸው እናት ናቸው። አባታቸው በጃንሆይ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ቤት ሠሩ፣ በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ ትርፍ ቤት ሲወረስ ይቺ መኖሪያቸው ስለነበረች ቀረችላቸው፣ ከዛ በ1972 አረፉ። ወራሽነቱ ቃዲ ጋር ነው ያለቀው። በ1975 የሟች እህት «ቦታው ሲገዛ የኔም ብር አለበት» ብለው አውራጃ ፍርድ ቤት ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቱም ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ብሎ እግድ ሰጠና ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ጻፈ።

ቤተሰቡ የሚያስታውሰው «እኛ ነን ያሸነፍነው፣ ሐረር ድረስ ሄዶ ጸንቷል» የሚለውን ነው። ወረቀቱ የታል ስትላቸው ግን ሁሉም ነገር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ሳጥኑን ደግሞ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲመጣ ወሰደው። በዛ ጎርፍ ሰው እንኳን ስንቱ ነው ያለቀው፣ ስለ ወረቀት ማን ያስባል። እንደሳቸው ካርታ፣ ውል፣ የልደት ወረቀት ሳይቀር ያጣ ቤተሰብ ድሬ ውስጥ ቀላል አይደለም፣ ብዙዎቹም ማጣታቸውን የሚያውቁት ወረቀቱ ሲፈለግ ነው።

ችግሩ

በ2015 ልጆቹ ቤቱን ሸጠው ሊከፋፈሉ ተስማሙ፣ ገዢ ተገኘ፣ ቀብድም ሊቀበሉ ነበር። መሬት ቢሮ ሄደው ስም ዝውውር ሲጠይቁ ሠራተኛዋ ማህደሩን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አንዲት ስስ ወረቀት ላይ ስትደርስ ቆመች፣ እግዱ ነው። ከ1975 ጀምሮ እዛው ተሰፍቶ ተቀምጧል።

ሠራተኛዋ ያለችው ትክክል ነው፣ ይሄን መካድ አይቻልም። እግድ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተሰጥቶ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው የሚነሳው፣ ቢሮው አርባ ዓመት አልፎታል ብሎ በራሱ ሊያነሳው አይችልም። «የሰጠው አካል ያንሳውና ደብዳቤ አምጡ» አለቻቸው። የሰጠው አካል ደግሞ አውራጃ ፍርድ ቤት ነው፣ አውራጃ የሚባል ነገር አሁን የለም።

ከሳሿ ሞተዋል። የሳቸው ልጆች ደግሞ አሁን ሰርግም ሐዘንም አብረው የሚውሉ የቅርብ ዘመድ ናቸው፣ ያ ክስ እንደነበረም በወሬ ነው የሚያውቁት። «እኛ ምንም ጥያቄ የለንም» ብለው ፈርመው ሰጡ፣ በሰነዶች ማረጋገጫም አስጸደቁት፣ ቢሮው ግን አልተቀበለም፣ እግዱ የፍርድ ቤት እንጂ የእነሱ አይደለማ።

እኛ ጋር ከመምጣታቸው በፊት ደላላው አንድ መፍትሔ አቅርቦላቸው ነበር፣ «ትንሽ ብር ስጡኝና ወረቀቷ ከማህደሩ ትወጣለች» የሚል። አቦ እንዲህ ያለውን ሰው በሩቁ ነው! ወንጀል ከመሆኑም በላይ ማህደሩ ገጽ በገጽ ቁጥር አለው፣ አንድ ገጽ ስትጎድል ያኔ ነው እውነተኛው ችግር የሚጀምረው፣ ገዢውም ቤቱን ካጣ በኋላ እናንተን ነው የሚከሰው።

ሌላ ሰው ደግሞ አዲስ ክስ መሥርቱና ባለቤትነታችሁን አስወስኑ ብሏቸዋል። ጠበቃችን ይሄንንም አልወደደውም፣ አንዴ የተፈረደበት ነገር በዛው ጉዳይ በነዛው ወገኖች መሀል እንደገና እንደማይታይ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 5 ይናገራል፣ ያለቀ ክርክር ከመቀስቀስ ያለቀበትን ወረቀት መፈለግ ይሻላል አለ። አንዷ ልጅ ኢንተርኔት ላይ አንብባ «አሥር ዓመት ካለፈ እኮ ፍርዱ አይሠራም» ብላ አስደንግጣቸው ነበር። ቁጥር 384 ላይ ያለው አሥር ዓመት የተፈረደለት ሰው ፍርዱን አስፈጽሙልኝ ብሎ ለሚጠይቅበት ነው፣ እኛ ምንም የሚፈጸም ነገር አልጠየቅንም፣ የተረሳ እግድ ይነሳልን ነው ያልነው።

መጀመሪያ፦ የቱ ፍርድ ቤት?

ሰው የሚያደርገው ቅርቡ ወዳለው ፍርድ ቤት ሄዶ «የአባቴን መዝገብ ፈልጉልኝ» ማለት ነው። በዚህ መንገድ አይገኝም፣ ምክንያቱም ድሬዳዋ ላይ ፍርድ ቤት አንድ አይደለም፣ እያንዳንዱም የራሱ መዝገብ ቤት ነው ያለው፣ አንዱ የሌላውን አያውቅም።

ከተማዋ ለፌደራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች የፌደራል መጀመሪያ ደረጃና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምድብ አላት። በቻርተሩ፣ ማለት በአዋጅ 416/1996፣ የተቋቋሙ የከተማዋ ፍርድ ቤቶች ደግሞ አሉ፣ የወራሽነት ማስረጃ ምናምን የሚያልቀው እነሱ ጋር ነው። በአዋጅ 188/1992 የተደራጁ የፌደራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ፣ ተከራካሪዎቹ ወደው ከመረጡት ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስ የመሳሰለውን ያያሉ። ከታች የቀበሌ ማህበራዊ ፍርድ ቤት አለ። በደርግ ጊዜ ደግሞ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ነበር፣ የጎረቤት የድንበር ጸብ ዓይነት ጉዳይ እዛ ታይቶ ከሆነ ወረቀቱን የምትፈልጉት ቀበሌ ነው፣ ቀበሌዎቹ ደግሞ ተጣምረው ቁጥራቸው ተለዋውጧልና የድሮው ቁጥር የዛሬው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ያዙ።

ይሄ ዛሬ ያለው ነው። በ1975 ግን ድሬዳዋ ሐረርጌ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለች ነች፣ ዋና ከተማው ሐረር፣ ፍርድ ቤቱም ወረዳ፣ አውራጃ፣ ከፍተኛ፣ ጠቅላይ የሚባል ነበር። በ1980 ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሲታወጅ ድሬዳዋ ራስ ገዝ ሆነች፣ ደርግ ወደቀ፣ ከዛ ከተማዋ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባች፣ በ1988 በአዋጅ 25 የፌደራል ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ። በዚህ ሁሉ መሀል መዝገቡ እዛው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ በሩ ላይ ያለው ታፔላ ብቻ የተቀየረበት ጊዜ አለ፣ መዝገቡ ራሱ በመኪና ተጭኖ ሌላ ቦታ የሄደበትም ጊዜ አለ።

ሐረር ላይ ደግሞ የባሰ ነው። የሐረሪ ክልል ፍርድ ቤቶች እዛው ናቸው፣ የኦሮሚያ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መቀመጫው ሐረር ከተማ ነው፣ ስለዚ አንድ ከተማ ላይ የሁለት ክልል ፍርድ ቤት አለ ማለት ነው። የድሮው ሐረርጌ መዝገብ የት ገባ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ አንድ ቦታ አይደለም፣ ሁለቱም ጋር መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጠበቃችን የተጠቀመባት አስተሳሰብ ጥሩ ናት፦ «ማን ሰጠው ብለህ አትጠይቅ፣ ይሄ ክስ ዛሬ ቢመሠረት የት ነው የሚከፈተው ብለህ ጠይቅ»። ቤቱ ድሬዳዋ ነው፣ ክርክሩ የግል ቤት ባለቤትነት ነው፣ ዛሬ ቢከፈት ፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ነው የሚከፈተው፣ ያ ፍርድ ቤት በአዋጅ 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን ጉዳይ ያያል፣ በፊት በ25/88 ጊዜ ጣሪያው 500 ሺ ነበር። እግዱን የሚያነሳውም ያ ነው። መዝገቡ ሌላ ቦታ ቢገኝም ማመልከቻው የሚገባው እዚህ ነው ማለት ነው፣ ፍለጋውና ማመልከቻው የግድ አንድ ቢሮ ላይሆኑ ይችላሉ።

ቁጥሩ

መዝገብ ቤት ያለ ቁጥር መሄድ ትርፉ ድካም ነው። የቁጥሩ ጥሩ ነገር ደግሞ ሌላ ሰው ወረቀት ላይ መኖሩ ነው፣ የናንተ ሳጥን ጎርፍ ቢወስደውም ፍርድ ቤት ለባንክ፣ ለማዘጋጃ፣ ለፖሊስ የጻፈው ሁሉ ላይ ተጽፏል። የኛም የተገኘው እዛው ያስቸገረን እግድ ላይ ነው። ለመሬት ቢሮው በጽሑፍ ጠይቀን ማህተም ያለበት ኮፒ ወሰድን፣ በቃል ጠይቆ በስልክ ፎቶ ማንሳት በኋላ ለፍርድ ቤት ማስረጃ አይሆንም።

ወረቀቷ በታይፕ የተመታች የካርቦን ኮፒ ነች፣ ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን አላት፣ ከታች ሐምራዊ ክብ ማህተም። ቤተሰቡ ያን የላዩን ቁጥር ይዞ ነበር ሲዞር የከረመው። እሱ ግን የደብዳቤው ወጪ ቁጥር ነው፣ ደብዳቤ ከቢሮ ሲወጣ የሚሰጠው። የመዝገቡ ቁጥር ያለው መሀል ጽሑፉ ውስጥ ነው፣ «በመ/ቁ» ብሎ ሦስት አሃዝ፣ እዝባር፣ ከዛ 75። እዛም ላይ የማህተሙ ጠርዝ አርፎበት የመሀሏ አሃዝ 3 ትሁን 8 አትለይም። ብርሃን ላይ ይዘን አየን፣ በስልክ አጉልተን አየን፣ አልሆነም፣ ሁለቱንም እንፈልጋለን ብለን ተነሳን።

ከእዝባሩ በኋላ ያለው ዓመት ክሱ የተከፈተበት ነው። ውሳኔው በ77 ቢሰጥም መዝገቡ የ75 መዝገብ ነው፣ የሚፈለገውም 75 ውስጥ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የተፈረደበትን ዓመት ነው የሚያስታውሰው፣ «ጃዋር ሲወለድ ነው የፈረዱልን» ይላሉ፣ እሱን ዓመት ይዞ ፈልጎ የለም ተብሎ የተመለሰ ስንት አለ።

ሌላው ቤተሰቡ ያልያዘው ወረቀት የቃዲው ነበር። በንጉሡ ጊዜ በ1936 በወጣው አዋጅ 62 የናይባና የቃዲ ምክር ቤቶች የሙስሊሙን ጋብቻና ውርስ እንዲያዩ ተፈቅዶ ስለነበር የአባትየው ወራሽነት እዛ ነው የታየው። የሸሪዓው መዝገብ ቤት ላይ ብዙ አልደከምንም፣ የሟች ስምና ያረፉበት ዓመት በቂ ነበር። ከዛ ያገኘነው የወራሾች ዝርዝር ነው፣ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ ያኔ ስማቸው እንዴት እንደተጻፈ። ይሄ የመጨረሻው ነገር ቀጥሎ አዳነን።

ባህር መዝገቡ

ድሬዳዋ ላይ የመዝገብ ቤቱ ልጅ ሁለቱንም ቁጥር ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ «የለም» አለ። የሱ የለም ኮምፒውተር ላይ የለም ነው። የፌደራል ፍርድ ቤቶች መዝገብ በኢንተርኔትም በቁጥር ይታያል፣ ግን የሚታየው ኮምፒውተር ውስጥ የገባ መዝገብ ነው፣ የ75 ዓመተ ምሕረት የካርቶን ፋይል ማን ያስገባዋል። ስለዚ «የለም» ስትባሉ ቀጣዩ ጥያቄ «ባህር መዝገቡስ ታይቷል ወይ» የሚል ነው። ባህር መዝገብ ማለት ክስ ሲከፈት በተራ የሚጻፍበት ያ ትልቅ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነው፣ ተራ ቁጥር፣ የተከፈተበት ቀን፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ የክሱ ዓይነት፣ መጨረሻ ላይ ውጤቱ። ፋይሉ ቢጠፋ ቢቀደድ እንኳን ደብተሩ ይቆያል።

ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ጡረታ የደረሱ ሠራተኛ ነበሩ። ቁጥሩን ስሰጣቸው «ቁጥሩን ተወው፣ ወሩን ንገረኝ» አሉ። እግዱ የካቲት ላይ ስለተጻፈ ክሱ ከዛ በፊት ነው የተከፈተው፣ እሳቸው ከጥር ወደኋላ በጣታቸው እየወረዱ ያነባሉ እኔ ደግሞ ስሙን እጠብቃለሁ። የአክስትየውን ስም አጣነው። 3ም 8ም ያለው ቁጥር ላይ የማናውቀው ወንድ ስም ነው ያለው።

የሆነው ይሄ ነው፦ አክስትየው ከባላቸው ጋር አብረው ነው የከሰሱት፣ ጸሐፊው ደግሞ መጀመሪያ የተጻፈውን ሰው ብቻ ወስዶ «እነ አቶ እገሌ (2 ሰዎች)» ብሎ አስገባው። አክስትየው እዛ «እነ» ውስጥ ናቸው። ተከሳሹም ጋር እንደዛው፣ የታላቅ ወንድም ስም ብቻ ነው ያለው፣ ያውም የአባት ስሙ ቤተሰቡ ዛሬ ከሚጽፈው ሌላ ሆኖ። እኛ አገር መሐመድ የሚለው ስም መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ማህመድ፣ መሐመድ እየተባለ ይጻፋል፣ አብዱላሂና አብደላ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሐጂ ሲደርሱ ደግሞ ሐጂ የሚለው ራሱ ስም ሆኖ ከፊት ይገባል። ከቃዲ ያወጣነው ዝርዝር ላይ ታላቅየው የተጻፈው ልክ ደብተሩ ላይ እንዳለው ስለነበር በዛ አወቅነው። 8 ነበር።

የውጤት ሳጥኗ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የውሳኔው ቀን አለ፣ ከሥሩ «ይግባኝ፣ መዝገቡ ለይ/ሰሚ ተልኳል»። ጋሼ መነጽራቸውን አወረዱና «ይሄ መዝገብ እዚህ የለም፣ ሐረር ሄዶ አልተመለሰም» አሉ። ይግባኝ ሰሚው የሥር መዝገብ ይቅረብ ብሎ ሲያዝ ፋይሉ እንዳለ ይሄዳል፣ ሲያልቅ መመለስ አለበት፣ አንዳንዱ ሳይመለስ ይቀራል። የድሮ መዝገብ ጠፋ ሲባል አንዱ መጠርጠር ያለበት ነገር ይሄ ነው።

ሐረር

ከድሬ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ምናምን ነው፣ ደንገጎን ወጥታችሁ ሐሮማያና አወዳይን አልፋችሁ ትገባላችሁ፣ ከድሬ ሙቀት በኋላ እንደውም ታርፋላችሁ። መጀመሪያ የሄድንበት ፍርድ ቤት የዛን ዘመን መዝገብ የለንም አለ። ሁለተኛው ጋር የይግባኝ ባህር መዝገብ ነበር፣ እዛም ላይ ጉዳዩ ተገኘ፣ በዚህ ደብተር ከፊት የሚጻፈው ይግባኝ ባዩ ነው፣ ይግባኝ ያሉት ደግሞ ከሳሾቹ ስለነበሩ እነ እገሌ ራሳቸው ናቸው ከፊት።

ፋይሉን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። መዝገብ ቤት ለመጣ ሁሉ ፋይል አውጥቶ አይሰጥም፣ ማነህ፣ በጉዳዩ ምን ያገባሃል ይባላል፣ ትክክልም ነው። ባለጉዳይዋ ውክልና ሰጥተውን ነበር ግን እሳቸው ራሳቸው ተከሳሽ ሆነው ስማቸው የለም። የወራሽነት ማስረጃው ከተከሳሾቹ ጋር ያገናኘናል ብለን ሞገትን፣ እንደመጨረሻ ሬጅስትራሩ ያለን «ፍርድ ቤት በደብዳቤ ይጠይቀን፣ እንልካለን» የሚል ነው። ፋይሉ መኖሩን ግን መደርደሪያው ድረስ ሄደው አረጋገጡልን፣ ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር፣ ከዛ በኋላ ለዳኛ የምንለው ነገር አገኘን።

ማመልከቻው

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 ፍርድ ቤት በራሱ ወይም በተከራካሪ ጥያቄ ከራሱ መዝገብ ቤትም ሆነ ከሌላ ፍርድ ቤት የሌላ ክስ መዝገብ አስቀርቦ ማየት እንደሚችል ይላል። ጠያቂው ግን መዝገቡ ለምን እንደሚያስፈልግና ኮፒውን በራሱ ማግኘት ለምን እንዳልቻለ በመሐላ አስደግፎ ማሳየት አለበት። ድሬዳዋ ላይ የገባው ማመልከቻ ሁለት ነገር ነው የጠየቀው፣ መዝገቡ ይቅረብልን፣ ቀርቦ ሲታይ እግዱ ይነሳልን፣ ሁለተኛውን ቁጥር 158 ላይ አስደግፎ። የባህር መዝገቡ ገጽ ትክክለኛ ግልባጭ፣ የእግዱ ኮፒ፣ የቃዲው ዝርዝር፣ የአክስትየው ልጆች ስምምነት ተያያዘ። ያ ብቻውን ያልሠራ ስምምነት እዚህ ጋር ጠቀመ፣ ተቃዋሚ የለም ለማለት።

ጊዜ የበላብን እዚህ ነው። ማመልከቻው የገባው ነሐሴ ላይ ነው፣ ፌደራል ፍርድ ቤቶች ደግሞ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ዝግ ናቸው፣ ተረኛ ችሎት አስቸኳዩን ብቻ ነው የሚያየው። አርባ ዓመት የቆየ እግድ አስቸኳይ ነው ብሎ ማሳመን ከባድ ነው፣ ለጥቅምት ተቀጠረ። ገዢው እስከዛ አልጠበቀም፣ ሌላ ቤት ገዛ።

ጥቅምት ላይ ትእዛዙ ተሰጠ፣ ደብዳቤው ግን ወጪ ክፍል ተኝቶ ቀጠሮው ደረሰ፣ መልስ አልመጣም ተብሎ እንደገና ተቀጠረ። ከዛ በኋላ ጠበቃው በታሸገ ፖስታ በእጃችን እንድናደርስ ይፈቀድልን ብሎ አስፈቀደ፣ መልሱም በዛው መንገድ ታሽጎ መጣ።

የመጣው የይግባኙ መዝገብ ብቻ ነው። የሥር መዝገቡ ሐረርም አልተገኘም። ግን ይግባኝ ሲባል የሥር ፍርድ ቤት የውሳኔ ግልባጭ ከይግባኙ ጋር ይያያዛል፣ እሱ እዛው ነበረ፣ ሦስት ገጽ ተኩል። መጨረሻው አንቀጽ ላይ ክሱ ውድቅ መደረጉ፣ ቀጥሎ «ተሰጥቶ የነበረው እግድ ተነስቷል፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ይጻፍ» ይላል። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ አጽንቶታል። እግዱ ከ1977 ጀምሮ ተነስቷል ማለት ነው፣ ደብዳቤዋ ናት ማዘጋጃ ቤት ያልደረሰችው። ወይ አልተጻፈችም ወይ ተጽፋ ማንም አልወሰዳትም፣ ያሸነፈው ወንድም ፍርዱን ሳጥን ውስጥ ከቶ አልቋል ብሎ ቤቱ ገባ። ዳኛዋ ይሄን አንብበው ለመሬት ቢሮው እንዲጻፍ አዘዙ፣ ቢሮውም ከፍርድ ቤቱ አጣርቶ ተቀበለ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

ኢንተርኔቱ አልሠራም፣ ለድሮ መዝገብ አይሠራም። ለቅርብ ጊዜ ጉዳይ ግን ንቀት አይገባውም፣ በተለይ ጉዳዩ ሰበር ደርሶ ከሆነ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመው ይገኛሉ፣ ውሳኔው ሲጀምር ጉዳዩ ከሥር የትኛው ፍርድ ቤት እንደጀመረ ይተርካል፣ ከዛ ተነስቶ የሥሩን መዝገብ ማግኘት ይቻላል። ሰው የሰበር ቅጽ ሲያነብ የሕግ ትርጉሙን ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ለመዝገብ ፈላጊ ግን የመጀመሪያው ገጽ ነው ወርቁ። አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሂዱ ያለንም ነበር፣ አልሄድንም፣ የባህር መዝገቡ ሐረርን እየጠቆመ አዲስ አበባ ምን ያደርጋል።

የሠራው ቁጥርን ከሌላ ሰው ወረቀት ማውጣት፣ የስሙን አጻጻፍ ከሦስተኛ መዝገብ ማመሳከር፣ ደብተሩን በወር ማንበብና ፋይሉ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ማመልከት ነው። ቅደም ተከተሉ ላይ እኔ ጠንካራ አቋም አለኝ፣ ሰው መጀመሪያ አመልክቶ ፍርድ ቤቱ ይፈልግልኝ ይላል፣ ሐረር ያለ ፍርድ ቤት ሁሉ ይፈልግ የሚል ትእዛዝ ግን ማንም ዳኛ አይሰጥም፣ ይሄ ፍርድ ቤት ይሄን ቁጥር ይላክ የሚል ግን በአንድ መስመር ይሰጣል።

የሥር መዝገቡ እስከዛሬ አልተገኘም። ውስጡ የነበረው የቦታው መግዣ ውል ለሌላ ነገር ያስፈልጋቸዋል፣ እሱን በሌላ መንገድ እየፈለግን ነው።

ለሌላ ባለጉዳይ

አሁን ክርክር ያላችሁ ሰዎች ይቺን ያዙ፦ ፍርድ አሸንፎ መውጣት መጨረሻ አይደለም። እግድ ተሰጥቶ ከነበረ የማንሻውን ደብዳቤ ራሳችሁ አስጽፉ፣ ራሳችሁ ውሰዱ፣ ቢሮው ሲቀበል ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ኮፒያችሁ ላይ አስጽፉ፣ ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ማህደሩ ውስጥ መግባቱን አይታችሁ ውጡ። ጠበቃ ቀጥራችሁ ከሆነ ውሉ ላይ ይሄም ይካተት፣ ብዙ ጠበቃ ፍርድ ሲያገኝ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ቤት የምትገዙ ደግሞ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ቤቱ ከእዳና እግድ ነጻ መሆኑን ቢሮው በጽሑፍ እንዲገልጽላችሁ አድርጉ፣ ካርታ ማየት ብቻውን ምንም አይነግርም፣ እግዱ ያለው ካርታው ላይ ሳይሆን ማህደሩ ውስጥ ነው።

የድሮ መዝገብ የምትፈልጉ ከሆነ በዕድሜ የገፋውን የቤተሰብ ሰው ቀድማችሁ ቁጭ አድርጉና ስም ጠይቁ፣ የሟችን ብቻ ሳይሆን የባል፣ የወንድም፣ የጠበቃ፣ የምስክር፣ ያኔ ሰው የሚጠራቸው በምን እንደነበር ጭምር። ኮፒ ሲሰጣችሁ «ትክክለኛ ግልባጭ» የሚል ማህተም በየገጹ መኖሩን እዛው መስኮቱ ላይ እዩ፣ አንድ ገጽ ከቀረ ሌላ ቢሮ ይመልሳችኋል። ሐረር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ዓርብ አትሂዱ፣ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ለጁምዓ ይወጣል፣ ከድሬ ረፈድፈድ አድርጎ የተነሳ ሰው ሲደርስ መስኮቱ ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የድሮ መዝገብ ክፍል ገብቶ አቧራ የሚያራግፍላችሁ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።